ለስላሳ ትቼ ስኳሬ ለምን ጨመረ?

ለስላሳ ከተውኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ኬክ የምቀምሰው የልጆቼ ልደት ሲሆን ብቻ ነው። ሻይ እንኳን በማር ነበር የምጠጣው። እንደዚያም ሆኖ ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ በባዶ ሆዴ ደም ሰጥቼ ውጤት ስቀበል፣ ወረቀቱ ላይ 117 ይላል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቱን አየና «እህቴ፣ ስኳር በሽታ ገና አልያዘሽም። ግን ደርሰሻል» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በባዶ ሆድ ሲለካ ከ100 በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል። 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከሆነ፣ ያ ስኳር በሽታ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራም አዘዘልኝ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚሉትን። 6.1 መጣ። እሱ ደግሞ ከ5.7 ጀምሮ ቅድመ ስኳር ነው፣ 6.5 ከደረሰ በሽታው ነው።

«ምንድን ነው የምትበይው?» ሲለኝ በልበ ሙሉነት ዘረዘርኩለት። ጠዋት ጥቁር ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ረፋድ ላይ ባለፍራፍሬ እርጎ። ምሳ የአትክልት በርገር ከሰላጣ ጋር። ከምሳ በኋላ የአቮካዶ ጁስ። ከሰዓት አልኮል የሌለው ማልት። ማታ ሻይ በማር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ «እነዚህ ውስጥ ምን እንደሚገባ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ጠይቄ አላውቅም። ጤናማ ነው ሲባል ሰምቼ ነው የምበላው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬ 43፣ የሁለት ልጆች እናት። ሒሳብ ሲዛባብኝ ስህተቱ የገባበትን መስመር ሳላገኝ ወደ ቤት አልሄድም። ይሄንንም እንደዚያው ያዝኩት። ትንሽ ደብተር ገዛሁና ወደ አፌ የሚገባውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። አራት ወር ሙሉ እየጠየቅኩ፣ እየመዘንኩ፣ እያነበብኩ ያገኘሁትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ምናልባት አንዳችሁ እኔ የቆምኩበት ቦታ ሳትደርሱ ትመለሱ ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ መለኪያው ልንገራችሁ፣ ያለሱ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። አንድ ልክ የሆነ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ፣ በቀን ከምናገኘው ጉልበት ውስጥ ከተጨመረ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይሄ 50 ግራም፣ ማለትም 12 ማንኪያ ገደማ ነው። ወደ 5 በመቶ ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ ይመከራል። ያ 25 ግራም፣ 6 ማንኪያ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ ማርም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። የተጨመቀ የፍራፍሬ ጭማቂም ይቆጠራል፣ ምንም ስኳር ባይገባበትም። እኔ ማርን መድኃኒት እንጂ ስኳር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ውስጥ ወደ 6 ግራም ስኳር አለ። ማር ከስኳር ስለሚከብድ ማንኪያው የበለጠ ይይዛል።

አሁን ወደ ጁሱ።

የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሰው ጥላ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ከቢሮዬ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ያለ አንድ ጁስ ቤት የሁልጊዜ ማረፊያዬ ነው። ሁሌም የማዝዘው አቮካዶ ነው። ምክንያቱም አቮካዶ ጤናማ ነው፣ ይሄን ማንም ያውቃል። እውነትም ነው። 100 ግራም አቮካዶ ውስጥ ያለው ስኳር አንድ ግራም እንኳን አይሞላም። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። አቮካዶ በራሱ ጣፋጭ ካልሆነ የጁሱ ጣፋጭነት ከየት ነው የሚመጣው?

ይሄ ጥያቄ ለሁለት ዓመት አልመጣልኝም።

በማግስቱ ባንኮኒው ጋ ቆሜ አየሁ። ልጁ አቮካዶውን በማንኪያ እየፈነቀለ መፍጫው ውስጥ ጣለው። ትንሽ ውሃ ጨመረ። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ቢጫ ጀሪካን አወጣና ከሱ በትንሽ ጭልፋ ቀድቶ አፈሰሰበት። ውሃ ይመስላል፣ ግን ሲወርድ እንደ ዘይት ወፈር ብሎ ነው የሚወርደው። በመጨረሻ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀዩን ሽሮፕ አዟዟረበትና ሎሚ ጨመቀበት።

«አቦ፣ ያ ጀሪካን ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሽሮፕ ነዋ። ስኳር በውሃ ይፈላል። ኪሎ በሊትር።» አልደበቀኝም። ለምን ይደብቀኛል? ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው ያልነገረኝ። «ለአንድ ብርጭቆ አንድ ጭልፋ። ጣፋጭ አድርግልኝ ለሚል አንድ ተኩል።»

ጭልፋዋን አሳየኝ። የቡና ሲኒ የማትሞላ ነች። ቤት ሄጄ ያንኑ ሠራሁ። ግማሽ ኪሎ ስኳር በግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቼ ስለካው 8 መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ወጣ። የልጄ የሳል መድኃኒት የሚለካባትን ትንሿን ኩባያ አውጥቼ ጭልፋዋን የሚያህል፣ 50 ሚሊ ሊትር ቀዳሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 31 ግራም። ከዚያ ደረቅ ስኳር በሻይ ማንኪያ እየቆጠርኩ ነጭ ሰሃን ላይ ከመርኩ። ስምንት ማንኪያ። ሰሃኑ ላይ ትንሽ ነጭ ጉብታ ሆነ። ቀዩን ሽሮፕ ገና አልቆጠርኩም። ባለቤቴ ገብቶ አየና «ይሄ ለስንት ሰው ነው?» አለኝ። «ለኔ ነው፣ ከምሳ በኋላ የምጠጣው» አልኩት። ሁለታችንም ሰሃኑን ዝም ብለን አየነው።

300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ውስጥ ያለው ስኳር 32 ግራም ገደማ ነው። ለሁለት ዓመት ለስላሳውን ትቼ ስኳሩን አልተውኩትም ማለት ነው። ብርጭቆውን ነው የቀየርኩት።

ስለ ጁስ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «እኔ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» ይላል። ከሽሮፑ በጣም ይሻላል። ግን ብርቱካን ቁጭ ብላችሁ ስትበሉ ስንት ትበላላችሁ? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ሲጨመቅ ግን አራቱ አንድ ብርጭቆ ሆኖ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ ቃጫውም ቀርቶ። ቃጫው ነበር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚይዘው። እኛ አገር የማንጎና የፓፓያ ጁስ ሥጋው ተፈጭቶ ስለሚቀርብ ትንሽ ይሻላል፣ ግን እሱም እንደ ፍሬው አይሆንም። ፍሬውን ማኘክን የሚያህል የለም። ቀፊራ ገበያ ወርዶ ጊሽጣ፣ ዘይቱን፣ በለስ መግዛት ለሚችል ሰው ደግሞ ይሄ ከባድ ምክር አይደለም።

ቀጥሎ ዳቦው ነው። እዚህ ላይ በጣም ነው የተገረምኩት።

ሳቢያን ሰፈራችን ያለ ዳቦ ጋጋሪ የቆየ ጎረቤታችን ነው። ማታ ሥራ ሲቀንስለት ሄድኩና ስለ ጥቁር ዳቦው ጠየቅኩት። «ጥቁሩና ነጩ ከአንድ ሊጥ ነው የሚወጡት። ለጥቁሩ ፉርሽካ እጨምርበታለሁ። ቀለሙ እንዲጠነክር ደግሞ ካራሜል» አለኝ። ካራሜል የተቃጠለ ስኳር ቀለም ነው፣ ማሸጊያ ላይ በምግብ ተጨማሪዎች መለያ ቁጥሩ ኢ150 ተብሎ ይጻፋል። ቀለሙ በራሱ ብዙ ስኳር አይጨምርም። ችግሩ ዓይንን ማታለሉ ነው። ቡናማ ስላየሁ ሙሉ ስንዴ መስሎኝ ሁለት ዓመት በልቻለሁ። ለካ ነጭ ዱቄት ነው።

የበርገርና የሳንድዊች ዳቦስ? «እሱማ ሌላ ነው። ለስላሳ እንዲሆን፣ ላዩም እንዲያምር ስኳር ይፈልጋል። ለአንድ ኩንታል ዱቄት ስምንት ኪሎ ስኳር አስገባለሁ። ለተራው ዳቦ አንድ ኪሎ ይበቃል።» ስምንት በመቶ ነው። ቤት ገብቼ ሳነብ በ2020 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠውን ውሳኔ አገኘሁ። ክርክሩ የግብር ነበር። የአገሩ ሕግ ዳቦ ከግብር ነፃ የሚሆነው ውስጡ ያለው ስኳር ከዱቄቱ ክብደት 2 በመቶ ካልበለጠ ነው ይላል። ሳብዌይ የሚባለው ዓለም አቀፍ ምግብ ቤት የሚጠቀምበት የሳንድዊች ዳቦ ግን ስኳሩ 10 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱም በሕጉ መሠረት ይሄ እንደ ዳቦ አይቆጠርም አለ። እኔ የምበላውን «ጤናማ» በርገር የያዘው የኛው የድሬ ዳቦ ከዚያ ብዙም አይርቅም። አንዱ ዳቦ ውስጥ ያለው አንድ ማንኪያ ገደማ ስለሆነ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው። ግን ማንም ዳቦ ሲበላ ስኳር ቆጥሮ አያውቅም።

ስለ ኢምፕሩቨርም ጠየቅኩት። ሊጡን ቶሎ የሚያነሳው ዱቄት ማለት ነው። ሰው ስለሱ ብዙ ይፈራል። ከረጢቱን አወጣልኝና አብረን አነበብነው። ኢ300 ይላል፣ እሱ ቫይታሚን ሲ ነው። ኢ471 ይላል፣ ከስብ የሚሠራ ማያያዣ ነው። እኔ ስፈልግ የነበረው ፖታስየም ብሮሜት የሚባለውን ነው፣ ቁጥሩ ኢ924። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1999 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል። እንግሊዝ በ1990፣ ካናዳ በ1994፣ ህንድ በ2016 ከልክለውታል። ጎረቤቴ ከረጢት ላይ አልነበረም። እሱም ስሙን ከኔ ነው የሰማው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ዓይነት ሲገዛ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያየው። ዳቦ ጋጋሪ የሆናችሁ ወይም ጋጋሪ የምታውቁ ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

እዚህ ላይ ግን ፍርሃቱ እንዳይበዛ። ኢ የሚል ቁጥር ያለው ሁሉ መርዝ አይደለም። ኢ330 ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። የሚያስጨንቀኝ ቁጥሩ አይደለም፣ ምን እንደሆነ ሳናውቅ መብላታችን ነው።

የአትክልት በርገሩን ባጭሩ ልለፈው። ውስጡ ያለው ምስርና ድንች ጥሩ ነው። ጣጣው ከላይ የሚፈስበት ነው። ካቻፕ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ እኛ ደግሞ በማንኪያ ሳይሆን ጠርሙሱን ጨምቀን ነው የምንጨምረው። ሰላጣው ላይ የሚፈሰው ነጩ ማዮኔዝም ብዙ ጊዜ ስኳር አለበት። በጾም ወቅት ደግሞ «የጾም» የሚለው ቃል ብቻውን ጤናማ ነው ያስብለናል። የጾም ኬክ ቅቤና እንቁላል የለውም ማለት ነው እንጂ ስኳሩ ያው ነው። ብዙ ጊዜ በቅቤው ፋንታ የሚገባው ማርጋሪን ነው። የማርጋሪኑ ማሸጊያ ላይ «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» የሚል ካያችሁ አስቀምጡት። ለልብ ጠንቅ የሆነው ትራንስ ፋት የሚመጣው ከሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ከዓለም የምግብ ገበያ እንዲጠፋ ጥሪ አድርጓል።

ታሽጎ የሚሸጠውን ምግብ ማጣራት ደግሞ በአንድ በኩል ይቀላል፣ ማንበብ ብቻ ነው። ሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛው የተሠራበት ነገር ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፣ ብዙ የገባው መጀመሪያ ይመጣል። ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካለ ያ ጣፋጭ ምግብ ነው፣ ከፊቱ ምንም ዓይነት የስንዴ ዘለላ ቢሳልበት። ስኳር ደግሞ ሌላ ብዙ ስም አለው። ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ማልቶስ፣ ኢንቨርት ሹገር፣ ሞላሰስ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ ኮንሰንትሬት። ሦስት አራቱን ትንሽ ትንሽ ካስገቡ እያንዳንዱ ዝርዝሩ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሲደመሩ ግን አንደኛ ይሆኑ ነበር። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አንድን ወጪ በአራት መዝገብ ከፋፍሎ ማሳነስ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ሰንጠረዡ ነው። የባለፍራፍሬ እርጎዬን ኩባያ ገልብጬ ሳየው በ100 ግራም 13 ግራም ስኳር ይላል። ሁሉም የተጨመረ አይደለም። ወተት የራሱ ስኳር አለው፣ ከ4 እስከ 5 ግራም ይሆናል። እሱን ስቀንስ 8 ቀረኝ። ኩባያው 150 ግራም ስለሆነ 12 ግራም፣ ሦስት ማንኪያ። ፍራፍሬው ከታች የምታዩት ቀይ ነገር ነው፣ ማርመላታ በሉት። ማልቱ ደግሞ ጣሳው ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 9 ግራም ይላል። ጣሳው 330 ነው። 30 ግራም መሆኑ ነው። ለሚያጠቡ እናቶች፣ ደም ላነሰው ሰው ሁሉ ይመከራል ይሄ መጠጥ።

የድሬ ችግር ታይዋን ገበያ የምንገዛው ብዙው ዕቃ በዓረብኛ ወይም በቱርክኛ የተጻፈ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ዳይጀስቲቭ ብስኩት ገዛሁ። «የስኳር በሽተኛ ይበላዋል» ብለውኝ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ ልጅ ሆነው መድረሳ የተማሩ ናቸው። ማታ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ፓኬቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡልኝ። «ዳቂቅ… ዱቄት ነው። ዘይት… ዘይት ያው ዘይት። ሱከር።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሦስተኛው ስኳር ነው ልጄ። ታች ደግሞ ሌላ አለ፣ ግሉኮስ ይላል።» እሳቸው ራሳቸው ስኳር አለባቸው፣ ይሄንኑ ብስኩት በሻይ ይበሉ ነበር። በ100 ግራም 16 ግራም ስኳር ይላል። አራት ብስኩት ስትበሉ ሁለት ማንኪያ ተኩል ገደማ ነው፣ ሻዩ ሳይቆጠር። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ፓኬት ይዞ ሐጂ ጋ የሚሄድ ሰው በዝቷል። እናንተም ሰፈር እንደዚህ ያለ ሰው አይጠፋም። ካልሆነ የስልካችሁ ካሜራ ይተረጉምላችኋል።

እንግዲህ ደብተሩ ላይ የአንድ ቀን ሒሳቤን ደመርኩ። እርጎ 12። ጁስ 31። ካቻፕ 8። ማልት 30። ማር ሁለት ማንኪያ 12። የዳቦውንና የለውዝ ቅቤውን ሳልጨምር 93 ግራም። ሃያ ሦስት ማንኪያ። ወደ ሦስት ጠርሙስ ኮላ የሚጠጋ ስኳር፣ አንድም ለስላሳ ሳልነካ። ያን ማታ አለቀስኩ። የተናደድኩት በጁስ ቤቱ ልጅ አይደለም። ለራሴ ተጠንቅቄያለሁ ብዬ ባመንኩበት ሁለት ዓመት ነው።

ልጆች ያላችሁ ይቺን ደግሞ አንብቡልኝ። ትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት የሚይዘው ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ የብርቱካን ዱቄት ነበር። ፓኬቱ ላይ «ቫይታሚን ሲ ያለው» ይላል። ዝርዝሩን ሳነብ ብርቱካን የለበትም። ስኳር፣ አሲድ፣ ጣዕም፣ ከዚያ ኢ102 እና ኢ110። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ቢጫ ቀለሞች ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህንና ሌሎች አራት ቀለሞችን የያዘ ምግብ «በልጆች ንቃትና ትኩረት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ግዴታ ሆኗል። እኔ የገዛሁት ላይ እንደዚህ ያለ ጽሑፍ አልነበረም። አሁን ሎሚ በውሃ አድርጌ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሬ ነው የምሰጠው። ቢያንስ የገባውን የማውቀው እኔ ነኝ።

«ታዲያ ዜሮ ስኳር የሚለውን ለስላሳ ለምን አትጠጪም?» የሚለኝ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ መጠቀምን አይመክርም። ምክሩ ቀድሞ ስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም፣ እናንተ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አስፓርቴም የሚባለውን ማጣፈጫ ደግሞ በዚያው ዓመት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚለው ምድብ ከትቶታል፣ በቀን እስከ 40 ሚሊ ግራም በኪሎ ክብደት የሚለው ገደብ ግን አልተነካም። በቀን አንድ ጠርሙስ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ማስፈራራት አልፈልግም። ለኔ ግን አልጠቀመኝም። ምላሴ ጣፋጩን እንደለመደ ነው የሚቆየው። እኔ የፈለግኩት ልማዱን መልቀቅ ነው።

እንዴት ለቀቅኩት? ቀስ ብዬ። ጁስ ቤት ሄጄ «ግማሽ ጭልፋ» አልኩ፣ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ ሩብ። ከዚያ «ሽሮፕ የሌለው፣ ሎሚው በርከት ይበል»። መጀመሪያ ቀን ሳር ሳር አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የአቮካዶው የራሱ ጣዕም መጣልኝ፣ ቅቤ ቅቤ የሚለው። ሻይ ላይም እንደዚያው፣ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ። ቁርሴ ፉል ሆነ። ባቄላው እስከ ምሳ ድረስ ይይዘኛል፣ ረፋድ ላይ እርጎ ፍለጋ አልወጣም። እርጎ ስፈልግ ገበያ ከሚመጡት ወተት ሻጮች ተራውን እገዛለሁ፣ ፓፓያ ከትፌ እጨምርበታለሁ። በርገር ስበላ ካቻፑን በትንሽ ሰሃን ለብቻው አስመጣለሁ፣ የሚበቃኝን በማንኪያ እወስዳለሁ።

የሚጠየቀውንም ተለማመድኩ። «ጤናማ ነው?» ብዬ አልጠይቅም። መልሱ ሁሌም አዎ ነው። «ምን ጨመራችሁበት?» ነው የምለው። «ማጣፈጫው ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው ወይስ ሳዝዝ ነው የሚገባው?» እላለሁ። ይሄኛው ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ቀድሞ ከተቀላቀለ ማስቀነስ አይቻልምና። እና አንድም ቀን የተቆጣኝ ሰው የለም። ድሬ ነው፣ ሰው ያወራል። ምግባችን ሌብል ባይኖረውም የሠራው ሰው ፊታችን ቆሟል። ፓኬት ተጠይቆ አይመልስም፣ ሰው ይመልሳል።

ማታ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ከባለቤቴ ጋር ከዚራ ዛፎቹ ሥር እንራመዳለን፣ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን። ሐኪሙ ነው ያዘዘኝ። በ2002 እ.ኤ.አ. ስለታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናትም ነግሮኛል። ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስ እና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ በሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ።

መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ግን አደራ። ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ላይ ሆናችሁ ስኳሩን በአንድ ጊዜ ካቋረጣችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድባችሁ ይችላል፣ እሱ ደግሞ የባሰ አደጋ ነው። መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ሰኔ ላይ ተመልሼ ደም ሰጠሁ። በባዶ ሆድ 101። የሦስት ወሩ 5.7። ክብደቴ ከ78 ኪሎ ወደ 73 ወርዷል። ሐኪሙ ደብተሬን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አገላበጠው። «ይሄን ለሌላ ታካሚ ላሳይ?» አለኝ። ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ቀጣዩ ምርመራዬ ጥር ላይ ነው። ደብተሩ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የዛሬው ገጽ ላይ 22 ግራም ይላል። ከዚያ ውስጥ 12ቱ አማቴ ቤት የጠጣሁት አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። እሳቸው ራሳቸው አማስለው በእጄ ሲሰጡኝ እምቢ ማለት እስካሁን አልቻልኩም። በሚቀጥለው እሁድ ገና የሻይ ማንቆርቆሪያው ሳይነሳ ኩሽና ገብቼ አጠገባቸው እቆማለሁ።